ፍትሕና ፍቅር በአንድ አምላክ፦ «ካሣ» የሚለው ቃል በቅዱስ አትናቴዎስና በአንሴልም ትምህርት ሲመዘን

1. መግቢያ

እግዚአብሔር ጻድቅ ፈራጅ ከሆነ በደለኛ የሚገባውን ፍርድ ሊቀበል ግድ ነው፤ አፍቃሪ አባት ከሆነ ደግሞ የፈጠረው ሰው ሲጠፋ ዝም ብሎ አያይም። በሀገራችን የነገረ ድኅነት ስብከት ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ካሣ» በሚለው ቃል ይመለሳል፦ ሰው በደለ፣ ዕዳ ወደቀበት፣ አምላክ ሰው ሆኖ ካሣውን ከፈለለት። ቃሉ በሽምግልናና በዕርቅ ሥርዓት ውስጥ የኖረ በመሆኑ ለምእመኑ ቅርብ ነው። ሆኖም በዕርቅ ሥርዓት ካሣ የተበዳይ ወገን ቁጣ የሚበርድበት ክፍያ ነው። ይህ ፍቺ ሳይመረመር ወደ ነገረ መለኮት ሲገባ ሁለት ችግሮችን ያስከትላል። በአንድ በኩል አብ የሚቈጣ፣ ወልድ የሚራራ ይመስል ፍትሕና ፍቅር በሁለት አካላት ይከፈላሉ። በሌላ በኩል የሰው መከራ ሁሉ ያልተከፈለ ዕዳ ምልክት ሆኖ ይታያል።

ይህ ጽሑፍ የቅዱስ አትናቴዎስን «ስለ ቃል ሥጋ መሆን» እና የአንሴልምን «አምላክ ስለ ምን ሰው ሆነ» የተባሉ ድርሳናት በማነጻጸር የቃሉን ትክክለኛ ወሰን ለማሳየት ይሞክራል። አትናቴዎስ የተመረጠው ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመ በመሆኑና ትምህርቱም በሃይማኖተ አበው ውስጥ ስለሚገኝ ነው። አንሴልም የተመረጠው ደግሞ የካሣን አስተሳሰብ በተሟላ ክርክር ያቀረበ በመሆኑ ነው።

2. የአትናቴዎስ አጣብቂኝ

አትናቴዎስ የሚነሣው ከፍጥረት ነው። ሰው ካለመኖር ወደ መኖር የመጣ ስለሆነ በባሕርዩ ወደ ጥፋት ያዘነብላል፤ ጸንቶ የሚኖረው ከቃል ጋር ባለው አንድነት ነው (ምዕ. 4)። ስለዚህ ኃጢአት ሕግን መተላለፍ ብቻ ሳይሆን ከሕይወት ምንጭ መለየት ነው። ሞትም ከውጭ የተጫነ ቅጣት ከመሆኑ በፊት የዚህ መለየት ፍሬ ነው።

በምዕራፍ 6 አጣብቂኙ ይገለጣል። እግዚአብሔር ሞትን አስቀድሞ ተናግሮ ሳለ ሰው ቢበድልም ባይሞት ቃሉ ሐሰት ይሆናል። በአምሳሉ የተፈጠረው ሰው ፈርሶ ቢቀር ደግሞ ለቸርነቱ አይገባም። ልብ ሊባል የሚገባው እዚህ ላይ ፍትሕ ማለት ቂምን መወጣት ሳይሆን ለተናገሩት ቃል መታመን መሆኑ ነው። ቃሉን የሚጠብቀውም ፍጥረቱን የሚወደውም ያው አንዱ አምላክ ነው።

ታዲያ ንስሐ ብቻውን ስለ ምን አይበቃም? አትናቴዎስ በምዕራፍ 7 እንደሚያስረዳው፣ ንስሐ ሰውን ከበደል ይመልሳል እንጂ በባሕርዩ ውስጥ የገባውን ጥፋት አያድስም፤ የእግዚአብሔርንም ቃል እውነተኛነት አይጠብቅም። ጉዳዩ ጥፋት ያልተከተለው በደል ብቻ ቢሆን ኖሮ ንስሐ በበቃ ነበር። ስለዚህ ቃል ሊሞት የሚችል ሥጋ ነሣ፤ ስለ ሁሉ ለሞት ሰጠው፤ ለአብም አቀረበው (ምዕ. 8)። አትናቴዎስ የዕዳን ቋንቋ በምዕራፍ 20 ይጠቀማል፤ ዕዳው ግን ሁሉም ሊሞቱት የሚገባ ሞት ነው። ፍጻሜውም በትንሣኤ የሚገኝ አለመበስበስ ነው።

3. የአንሴልም መልስ

የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሴልም ድርሳኑን የፈጸመው በ1098 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። ለእርሱ ኃጢአት ለእግዚአብሔር የሚገባውን ክብር አለመስጠት ነው። የፍጥረት ሥርዓት እንዳይፈርስ ወይ ካሣ ወይ ቅጣት ሊኖር ግድ ይላል። ካሣውን መክፈል የሚገባው ሰው ነው፤ መክፈል የሚችለው ግን አምላክ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከፋዩ አምላክም ሰውም ሊሆን ይገባዋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አንሴልም ካሣንና ቅጣትን እንደ አማራጭ ማስቀመጡ ነው። ካሣ ከተከፈለ ቅጣት አይኖርም። ስለዚህ በአንሴልም ትምህርት ክርስቶስ ሕይወቱን በፈቃዱ አቀረበ እንጂ በእኛ ምትክ በአብ አልተቀጣም። ምትካዊ ቅጣትን የነገረ ድኅነት መሠረት ያደረገው ትምህርት ጎልቶ የወጣው በ16ኛው ምዕተ ዓመት የተሐድሶ ዘመን ነው። ስለዚህ «አብ ቁጣውን በልጁ ላይ አበረደ» የሚለው አነጋገር በአትናቴዎስም በአንሴልም ሊደገፍ አይችልም።

ልዩነታቸው ግን ቀላል አይደለም። በአንሴልም ችግሩ በዋናነት የተጓደለ ክብር ሲሆን፣ በአትናቴዎስ የፈረሰ ባሕርይ ነው። የመጀመሪያው በሞት ይፈጸማል፤ ሁለተኛው ያለ ትንሣኤ ትርጉም የለውም። «ካሣ» የሚለው ቃል በሁለቱም ሊቃውንት አነጋገር ሊሠራ ይችላል፤ በአትናቴዎስ መንገድ የሚሠራው ግን ከመክፈል ይልቅ ማደስን ሲያመለክት ነው።

4. መከራ ሁሉ ቅጣት ነውን?

ክርክሩ ከመጻሕፍት ውጭ ያለው ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል። ከአካል ጉዳት ጋር የተወለደ ልጅ የወላጆቹ ኃጢአት ውጤት ነው የሚለው አስተሳሰብ ከማኅበረሰባችን ዛሬም አልጠፋም። ኃጢአት ዕዳ ብቻ ከሆነ፣ መከራም የዕዳው ክፍያ ከሆነ፣ የታመመውን ሁሉ በደለኛ ማለት የማይቀር ድምዳሜ ይሆናል። የኢዮብ ወዳጆች የተከራከሩት በዚህ መንገድ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ቅን ነገር እንዳልተናገሩ ፈረደባቸው (ኢዮ. 42፥7)። ጌታም በሰሊሆም ግንብ ስለ ሞቱት 18 ሰዎች (ሉቃ. 13፥4) እና ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው (ዮሐ. 9፥3) ይህንኑ ስሌት አልተቀበለም።

በአንጻሩ የቤተ ሳይዳው መፃጉዕ ዳግመኛ እንዳይበድል መታዘዙ (ዮሐ. 5፥14) ኃጢአትና መከራ ፈጽሞ አይገናኙም እንዳንል ይከለክላል። የአትናቴዎስ ትምህርት እነዚህን ንባባት ለማስታረቅ ይረዳል። የሰው ልጅ ሟችና ሕማም የሚያገኘው የሆነው በኃጢአት ምክንያት ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ሕመም ልክ ግን የዚያ ሰው በደል ልክ አይደለም። አትናቴዎስ ራሱ ከ328 እስከ 373 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በእስክንድርያ መንበር ሲቀመጥ አምስት ጊዜ ተሰድዷል፤ ስደቱንም የሐሰተኝነቱ ማስረጃ አድርገው ያዩት ተቃዋሚዎቹ ነበሩ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም።

ይህ መልስ ወሰን አለው። ሰው ስለ ምን ይሞታል ለሚለው ምክንያት ይሰጣል፤ ይህ ሕፃን ስለ ምን ዛሬ ታመመ ለሚለው ግን አይሰጥም። የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ ፈራጁ ራሱ በሥጋ የተፈረደበትን ሞት መቀበሉን። መከራውን የተቀበለው በተዋሐደው ሥጋ ቃል ራሱ ስለሆነ፣ ፍትሕ ከላይ ፍቅር ከታች ቆመው የሚሟገቱበት ቦታ አይቀርም።

5. ማጠቃለያ

ከንጽጽሩ ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ። ፍትሕ ማለት እግዚአብሔር ለቃሉ መታመኑ፣ ፍቅርም ለፍጥረቱ መታመኑ ስለሆነ ሁለቱ ከአንዱ ቸርነቱ ይወጣሉ። «ካሣ» የሚለው ቃል ከትንሣኤና ከባሕርይ መታደስ ጋር ተያይዞ ከተነገረ ጠቃሚ ነው፤ ለብቻው ከቆመ ግን ያሳስታል። የሰው ልጅን ሟችነት ምክንያት ማስረዳትም በአንድ በሽተኛ ላይ ፍርድ ከመስጠት ሊለይ ይገባል። ሰባኪው በታማሚ አልጋ አጠገብ ሲቆም ይህን ልዩነት መጠበቁ የነገረ ሃይማኖት ትክክለኛነት ጉዳይ ነው።