ለዝንጅብል መሰንጠቂያ ርካሽ ቢላ ስትገዙ

ዛሬ ከዋጋ ወጣ ብለን ስለ ቢላ እናውራ። ዝንጅብል በደነዘ ቢላ ሲሰነጠቅ ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀው እኩል አይደርቅም፣ ገዢም ዋጋ ይቀንስበታል።

ሃላሌም ሆነ ሶዶ ገበያ ስትገዙ ማብረቅረቁ አያታላችሁ። ጠርዙን በሞረድ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት፦ ሞረዱ በቀላሉ ከነከሰው ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል። ከተንሸራተተ ጠንክሯል ማለት ነው። ሻጩ እምቢ ካለ አንዱን ገዝታችሁ ሞክሩና ከዚያ ደርዘኑን እዘዙ፤ በተለይ ዩኒየኖች።

ታጣፊ ከሆነ ከፍታችሁ ግራ ቀኝ ነቅንቁት። የሚወላገድ ጣት ይቆርጣል። ባለ ሁለት እጀታው ታጣፊ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሥራ ይልቅ ለጨዋታ ነው፤ መጋጠሚያው ሲበዛ የሚላላውም ይበዛል።

ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ የአንጥረኛ ቢላ መልኩ ሻካራ ቢሆንም፣ በደንብ ውሃ ከጠጣ ስለት ይይዛል። ግን ይዝጋል፤ ማታ ማታ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት።