አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካል

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም «ቢ» የሚለው ባዕድ መነሻ ያለባቸውን ግሦች ልብ በሉ።

ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል የሚጠራቀመው በአንድ ገንዳ ብቻ አይደለም፤ ተፈልፍለው የተቀመጡ በርካታ ድንጋዮች ይቀበሉታል። አንዱ ቢሞላ ወይም ቢሰነጠቅ ሌላው አለ። በሳተላይት ለሚደረግ ግንኙነትም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ ሳተላይት ወጥቶ ወደየትምህርት ቤቱ ይወርድ ነበር። ደካማውን ሞገድ አበርትቶ ለዚህ ሩቅ መንገድ የሚያበቃው መሣሪያ ማጉያ ይባላል። እስቲ አስቡ፤ በአንድ የላስታ ትምህርት ቤት ያለው መቀበያ ቢበላሽ የሚጎዳው ያ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። በማሰራጫ ጣቢያው ያለው ማጉያ ቢበላሽ ግን ትምህርቱን የሚከታተለው ተማሪ ሁሉ በአንድ ጊዜ መምህሩን ያጣል። ስለዚህ ተጠባባቂ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ብዙ ሰው ለሚገለገልበት መሣሪያ ነው።

ማጉያዎቹ ከቤት ውጭ፣ ከአንቴናው አጠገብ ይተከላሉ፤ ከማጉያው የወጣው ሞገድ በቧንቧ ውስጥ ረጅም መንገድ ቢሄድ ኃይሉ ይደክማልና። በመጀመሪያ፣ ኃይላቸው እኩል የሆነ ሁለት ማጉያዎች በጽኑ መደገፊያ ላይ ይታሰራሉ፤ ብረታቸውም ከመብረቅ ጉዳት እንዲጠበቅ ከምድር ጋር ይያያዛል። ቀጥሎ፣ ሁለቱም ከአንድ መቀያየሪያ ጋር ይገናኛሉ። መቀያየሪያው የአንደኛውን ሞገድ ወደ አንቴናው ይመራል፤ የተጠባባቂውን ደግሞ ኃይሉን ወደ ሙቀት ለውጦ ወደሚያጠፋ መሣሪያ ይልካል። ከዚያም መጋጠሚያዎቹ ዝናብ እንዳያስገቡ ይታሸጋሉ። እያንዳንዱ ማጉያ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር ሊኖረው ይገባል። ሁለቱ በአንድ መስመር ቢያያዙና መስመሩ ቢቋረጥ አብረው ይጠፋሉ፤ ሁለት መባላቸውም በስም ብቻ ይሆናል። በመጨረሻ፣ ባለሙያው የሚሠራውን ማጉያ ሆን ብሎ ያጠፋና ተጠባባቂው ሥራውን መረከቡን ይመለከታል። ያልተሞከረ ተጠባባቂ እንዳለ አይቆጠርም።

ለ. ሰዋስው

«አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል» ስንል ገና ሊሆን ስለሚችል ነገር እንናገራለን። «ተጠባባቂው ባይኖር ኖሮ ትምህርቱ ይቋረጥ ነበር» ስንል ግን ያለፈውንና ያልሆነውን እናስባለን። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ከ«ቢ» ግሥ ቀጥሎ «ኖሮ» ይገባል፤ ዋናው ግሥም በ«ነበር» ይዘጋል። የፊተኛው ለጥንቃቄ፣ የኋለኛው ለጸጸት ወይም ለምስጋና ያገለግላል።

ሐ. መልመጃ

1. ሁለት ማጉያዎችን በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ማያያዝ ጥቅሙን የሚያሳጣው ለምንድን ነው?

2. ተጠባባቂ ማጉያ ከመቀበያው ይልቅ ለማሰራጫው የሚቀድምበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።

3. የሚከተሉትን «ኖሮ» እና «ነበር» አግብታችሁ እንደገና ጻፉ።
ሀ) መጋጠሚያው ባይታሸግ ውኃ ይገባል።
ለ) ባለሙያው ቢሞክረው ጉድለቱን ያገኛል።

መ. ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በመንደራችሁ አንዱ ቢጎድል ሌላው የሚተካው ምን ነገር አለ? ሁለተኛ ምንጭ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ዘር ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። አንዱን መርጣችሁ እንዴት እንደሚዘጋጅና በምን እንደሚፈተን በአንድ አንቀጽ ግለጹ። ሐሳባችሁን «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «ከዚያም» እና «በመጨረሻ» በሚሉት ቃላት አያይዙ።