አሰላ ላይ ድመት ለማምከን ለምታስቡ

«የግል ሐኪም ጋ ትሂድ ወይስ ርካሹ ክሊኒክ ይበቃል?» ክረምት በገባ ቁጥር ስልኬ የሚያመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። ከስቶክሆልም ይደውሉልኛል፣ ከሚኒሶታ ይደውሉልኛል፤ አሰላ ገብተው እናታቸው ቤት ቡና እየጠጡ የሚደውሉም አሉ። አንድ ጊዜ ጽፌው ልረፍ።

ጥያቄው ራሱ ከውጭ የመጣ ነው። እናንተ ባላችሁበት አገር ርካሽ ክሊኒክ ማለት በበጎ አድራጎት የሚደጎም፣ በቀን ብዙ ድመት የሚያመክን ቤት ነው፤ የሐኪሙ እጅ የተፍታታው ያንኑ ሥራ ደጋግሞ በመሥራቱ ነው። እዚህ ርካሹ የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሲሆን የቆመው ለበሬ፣ ለላም፣ ለበግና ለፈረስ ነው። ጠዋት ብትሄዱ የምታገኙት አባ ሰንጋና አባ ጎርባ የሚያስከትብ፣ ሳል የያዘው በግ የተሸከመ፣ ላሟ አልወልድ ያለችው ገበሬ ነው። ከ1960 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በስዊድን እርዳታ ይሠራ የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ የውጭ ኮርማ ከአገር ላም ሲያዳቅል የቆየበት አገር ነውና የአርሲ ሐኪም ላም ያውቃል። ላም ቆማ፣ ጎኗ ብቻ ደንዝዞ፣ ጥጃ በኦፕራሲዮን ሊያወጣ ይችላል። ድመት ግን ሙሉ በሙሉ ተኝታ ነው ሆዷ የሚከፈተው። ሦስት ኪሎ የማትሞላ እንስሳ አስተኝቶ መቀስቀስ ሌላ ሙያ ነው።

«እንግዲያው የግል» ትሉኛላችሁ። ቆዩ። የግል ከሚባለው ብዙው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው፤ የትል መድኃኒት፣ የመዥገር መርጫ፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን ይሸጣል። ታፔላው ላይ «ክሊኒክ» መጻፉ ከጀርባው የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ አለ ማለት አይደለም። ከእንስሳት ጋር የሚውል ሰው ሁሉ ደግሞ «ዶክተር» ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የወጣውም፣ በዲፕሎማ የተመረቀው ረዳትም፣ ባንኮኒው ኋላ ቆሞ መድኃኒት የሚቆጥረውም። ማዕረጉን ሰምታችሁ አትረፉ፤ ምን እንደተማረ ጠይቁት። የሚቀየም ካለ ይቀየም።

አሁን ወደ አንድ ወጥመድ ልምጣ፤ ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

የአክስቴ ድመት ዓመቱን ሙሉ ትወልድ ነበር። ድመት ከአራት አምስት ወሯ ጀምሮ ታረግዛለች፣ በሁለት ወር ከጥቂት ቀን ትወልዳለች፣ ግልገሎቿን እያጠባችም ደግማ ታረግዛለች። ውጭ ያለው የአክስቴ ልጅ ለማምከኛ ብሎ ገንዘብ ላከ። ቤተ ዘመዱ አንድ መድኃኒት ቤት ወሰዳት። እዚያ ያለው ሰው «ለምን ትቀደዳለች? መርፌ አለ» አላቸውና በኦፕራሲዮኑ ዋጋ ሽራፊ ወጋት። መርፌው ሴቶች ጤና ጣቢያ የሚወጉት የሦስት ወር መርፌ ነው። ቀሪው ገንዘብ የልጅ ዩኒፎርምና ዘይት ሆነ። ለአክስቴ ልጅ የተነገረው «ታክማለች» ነው፤ ውሸት ነው ለማለትም አይመችም። ከሦስት ወር በኋላ መርፌው ተደገመ፤ ከዚያም ሠለሰ።

መርፌው እርግዝናውን አቆመ። ቆይቶ ድመቷ ውኃ እየደጋገመች መጠጣት ጀመረች፣ መብሏን ተወች፣ ሆዷ ተነፋ፣ ከኋላዋ የሚሸት ፈሳሽ ወረዳት። አክስቴ አርግዛ መስሏት ጨርቅ አነጠፈችላት። ማህጸኗ ግን መግል ቋጥሮ ነበር። በመጨረሻ የተደረገላት መጀመሪያ ሊደረግላት የሚገባው ኦፕራሲዮን ነው፤ ልዩነቱ በሕመምና በጥድፊያ፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ መሆኑ ነው። አልተረፈችም።

ይህ የአንዲት ድመት ዕድል አይደለም። የሦስት ወሩ መርፌ 150 ሚሊግራም ሆርሞን የያዘ፣ ለአዋቂ ሴት የተሠራ መድኃኒት ነው። ይህ ዓይነቱ ሆርሞን ድመት ላይ ሲደጋገም ማህጸን ያመግላል፣ ጡት ላይ እብጠትና ካንሰር ያመጣል፣ ስኳር በሽታ ያስነሳል። ሳይታወቅ ላረገዘች ድመት ከተወጋ ምጡን ያግድና ግልገሎቹ ሆዷ ውስጥ ይሞታሉ። ሻጩ ይህን ላያውቅ ይችላል። እናንተ ግን አሁን አውቃችኋል። «መርፌ አለ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዋጋ ሳትጠይቁ ውጡ፤ ኦፕራሲዮን የሚችል ሰው መርፌ አይሸጥላችሁም።

የአክስቴን ቤት ሰው ለመውቀስ አትቸኩሉ። የአርሲ ገበሬ የማዳበሪያ ዋጋ እንቅልፍ በነሳው ሰሞን «ለድመት ኦፕራሲዮን» ተብሎ የተላከ ገንዘብ እጁ ሲገባ ምን እንደሚሰማው አስቡት። አጎት አፉን ሞልቶ ባይናገርም «እኔ ከድመት አነስኩ?» ማለቱ አይቀርም። እናንተም በበኩላችሁ «ለሰው አልላከም፣ ለድመት ላከ» ተብሎ እንዳይወራባችሁ ዝም ትላላችሁ፤ ደረሰኝ መጠየቅ ታፍራላችሁ። ወጥመዱ የሚያድገው በዚህ ይሉኝታ መሃል ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የቤቱን ለቤቱ፣ የድመቷን ለሐኪሙ ለያይታችሁ ላኩ። ሐኪሙን ራሳችሁ ደውላችሁ አነጋግሩት፣ ገንዘቡንም በእሱ ስም ላኩ። ድመት ጎተራ ከአይጥ የምትጠብቅ የቤቱ ሠራተኛ ናትና አጎትም በዚህ በኩል ቢነገረው ይገባዋል።

ዋጋ ግን አትጠይቁኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመድኃኒት ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። ደግሞም የቤቱ ሰው ሲጠይቅ አንድ ዋጋ፣ እናንተ በውጭ አገር ስልክ ስትደውሉ ሌላ ዋጋ ነው።

ታዲያ በምን ይመረጣል? የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁት። መጀመሪያ፣ በምን ትመዝናታለህ? ከብት በዓይን ይገመታል፣ ደረቱ በሜትር ይለካል፤ ድመት ግን ሚዛን ላይ ካልወጣች ማደንዘዣዋ በግምት ነው። ዚላዚን የሚባለው ማስተኛ በአንድ ሚሊሊትር 20 ሚሊግራም የያዘም 100 ሚሊግራም የያዘም አለ። ጠርሙስ የተሳሳተ ሰው አምስት እጥፍ ይወጋታል፤ ፈረስ የሚችለውን ድመት አትችልም። ሁለተኛ፣ ዓይኗን ምን ትቀባታለህ? ኬታሚን የተወጋች ድመት ዓይኗን ገልጣ ነው የምትተኛው፤ ቅባት ካልተደረገላት ብሌኗ ይደርቅና ይቆስላል። ድመት ደጋግሞ ያመከነ ሐኪም ሳያስብ ይመልስላችኋል። ያልሠራ ሰው ግራ ተጋብቶ ያያችኋል፤ ያ አስተያየት መልስ ነው። ሦስተኛ፣ እስክትነቃ ማን አጠገቧ ይቀመጣል? አሰላ ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር በላይ ናት፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። የተኛች ድመት ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች። ሲሚንቶ ወለል ላይ ጥለዋት ምሳ የሚወጡ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሦስቱንም የሚመልስ ሐኪም አሰላ ላይ ካገኛችሁ፣ የመንግሥትም ቢሆን እዚያው አሠሩ። ካጣችሁ ወደ ቢሾፍቱ ውረዱ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው፤ የማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው። በአዳማ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀድማችሁ ደውሉና ቀን ያዙ። ወደ አሰላው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ የሚልካችሁ ሰው አይጠፋም፤ እሱ ናሙና የሚመረምር ቤት እንጂ ድመት የሚያስተኛ አይደለም። ድመቷን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራችሁ ሚኒባስ መቀመጫ ሥር አትጣሏት፤ አፉ የሚታሰር ቅርጫት ይበቃል።

የቀረው አጭር ነው። ለአቅመ እርግዝና ሳትደርስ፣ አራት ወር ገደማ ሲሆናት ይሠራላት። አዋቂ ከሆነች ከማታ ጀምሮ ምግብ አይሰጣት፤ ትንሽ ግልገል ከሆነች ግን ረጅም ጾም ይጎዳታልና ሰዓቱን ሐኪሙ ይንገራችሁ። በዚያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትውሰድ፤ ድመትም ታስተላልፈዋለች። ወደ አውሮፓ ይዛችኋት ለመሄድ ካሰባችሁ ቺፑ ከክትባቱ በፊት ነው የሚገባው፤ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይመረመራል፣ ደሙ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር ይጠበቃል። ጉዞው ሲቃረብ አትደውሉልኝ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አሥር ቀን ያህል ከቤት አትወጣም፤ ስፌቷን እንዳትልስ አንገቷ ላይ መከላከያ ይደረግላት።

አንድ ነገር ግን ለቤቱ ሰው ራሳችሁ ንገሩ፣ ደጋግማችሁም ንገሩ። ድመቷ ስትቃትት ያዘነ ሰው ፓራሲታሞል ፈጭቶ በወተት ይሰጣታል። አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል። ማስታገሻ የሚሰጥ ሐኪሙ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላም የምትደውሉ ካላችሁ ድመቷን ባለሱቁ ሚዛን ላይ አስመዝኑና ኪሎዋን ይዛችሁ ደውሉ። ኪሎዋን ሳትይዙ ስልክ አላነሳም።