ደለልን በፓምፕ ስለ መጥረግ

በክረምት ወራት በኮልፌ ቀራንዮ ድልድይ ላይ ቆሞ ትንሹን አቃቂ የተመለከተ ተማሪ፣ የሚወርደው ውሃ ብቻ ሳይሆን አፈርም ጭምር መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም። ይህ አፈር የት ይደርሳል? ከከተማው በስተደቡብ ከአባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል። በዚያም የወንዙ ፍጥነት ስለሚበርድ አሸዋው አስቀድሞ፣ ጭቃው ቆይቶ ይተኛል። አባ ሳሙኤል በአገራችን ከቀደሙት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራ አቋርጦ ከቆየ በኋላ በቻይና ርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. 6.6 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ሆኗል። መሣሪያው ቢታደስም ወንዙ ግን አፈር ማምጣቱን አልተወም። ስለዚህ ደለልን በትንሽ መምጠጫ ማውጣት እንዴት እንደሆነና እስከ ምን እንደሚጠቅም እንመርምር።

መምጠጫው በተንሳፋፊ መድረክ ላይ የተቀመጠ ሞተርና ፓምፕ ነው። ከፓምፑ አንድ ወፍራም ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ በቱቦው አፍ ላይ የሚሽከረከር ቢላዋ ደለሉን ይፈታዋል። የተፈታው ደለል ከውሃ ጋር ተደባልቆ ይወጣና በሌላ ቱቦ ተገፍቶ በዳር ከተቆፈረ ገንዳ ይገባል። በዚያ አፈሩ ሲዘቅጥ ውሃው ይመለሳል።

ከዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ነገር አለ። ፓምፕ በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል እንጂ፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። አየር በባሕር ጠረፍ 10 ሜትር ያህል የውሃ ዓምድ ያቆማል፤ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ግን 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። ታዲያ በ10 ሜትር ጥልቀት ያለ ደለል እንዴት ይወጣል? በቱቦው ዙሪያ ያለው ውሃም ስለሚገፋ ነው። የድብልቁ አንድ ሊትር 1.2 ኪሎ ቢመዝን፣ ለአየሩ የሚተርፈው ሸክም ትርፉ ክብደት ብቻ ነው፤ ይኸውም 10 × 0.2 = 2 ሜትር። የቀረው ግፊት ለፍጥነቱና ለቱቦው ሰበቃ ይውላል። ስለዚህ በቆላ የተፈተነ ፓምፕ በደጋ ድብልቁን ማቅጠን ያስፈልገዋል፤ ሞተሩም በሳሳ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል።

አሁን እንቁጠር። ፓምፑ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ድብልቅ ቢያወጣ፣ ከዚያም አምስተኛው እጅ ደለል ቢሆን፣ በሰዓት 20፣ በ8 ሰዓት ሥራ 160 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ለማውጣት 6,250 ቀን፣ ማለት ሰንበትና በዓል ሳይቀር ከ17 ዓመት በላይ ይፈልጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ክረምት አዲስ አፈር ይጨምራል። እንግዲህ ትንሽ መምጠጫ የውሃ መግቢያ በርንና ጠባብ ዳርቻን ለማጽዳት እጅግ ጠቃሚ ሲሆን፣ ግድቡን በሙሉ ለማዳን ግን አይበቃም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ትንሹ አቃቂ የፋብሪካና የቤት ቆሻሻ የሚሸከም ወንዝ ስለሆነ፣ ደለሉ እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረታ ብረቶች ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ሳይመረመር በጎመን ማሳ ላይ ሊደፋ አይገባም። ፌስታልም የፓምፑን አፍ ስለሚዘጋ አስቀድሞ በወንፊት መያዝ አለበት።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከታች አንድ ሜትር ኩብ ለማውጣት ነዳጅ፣ ቱቦና ገንዳ ያስፈልጋል፤ ያንኑ አፈር ከላይ በኮልፌ ተዳፋት ለመያዝ ግን የድንጋይ እርከን፣ ሣርና የተጠረገ ቦይ ይበቃል። ምህንድስና የምንማር ሁሉ ፓምፑን ከመምረጣችን አስቀድሞ አፈሩ የተነሣበትን ተዳፋት በእግራችን ሄደን እንለካ።