ስለ ደብዳቤና ስለ ውል እውነተኛነት

አንባቢ ሆይ፤ የሰው ልብ በአዋጁ ብቻ አይታወቅም። አዋጅ ለሕዝብ ሁሉ የሚነገር ስለ ሆነ ቃሉ የተመረጠ ነው። ሰው ግን ለወዳጁ በሚጽፈው ደብዳቤ፥ ይልቁንም ተበድሎ ሳለ በሚጽፈው፥ ጠባዩ ይገለጣል። ስለዚህ የታላላቅ ሰዎችን ደብዳቤ መመርመር ለተማሪም ለነጋዴም ይጠቅማል።

ዳግማዊ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. ከኢጣልያ መንግሥት ጋራ የውጫሌን ውል አደረጉ። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። 17ኛው ክፍል በአማርኛ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮጳ ነገሥታት ጋራ ለሚላላኩት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መረዳት «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር፤ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። በታኅሣሥ ወር 1882 ዓ. ም. ለእንግሊዝ ንግሥትና ለጀርመን ንጉሠ ነገሥት ደብዳቤ ቢልኩ፥ ጉዳያቸው በኢጣልያ በኩል እንዲመጣ ተመለሰላቸው። የአንዲት ግሥ ልዩነት የአገርን ነጻነት የምትነካ ሆና ተገኘች።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ባወቁ ጊዜ አስቀድመው ያነሡት ጦርን ሳይሆን ብዕርን ነው። በመስከረም ወር 1883 ዓ. ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ በላኩት ደብዳቤ፥ ሁለቱን ጽሕፈቶች ቢያስተያዩ አለመስማማታቸውን፥ እርሳቸውም የወዳጅነትን እርዳታ እንጂ ግዴታን እንዳልተቀበሉ ገለጡ። ስሕተቱ እንዲታረምና እርማቱ ውሉ ለተነገራቸው መንግሥታት እንዲነገር ጠየቁ።

ከዚህ ደብዳቤ ሦስት ነገር እንማራለን።

መጀመሪያ፤ በደሉን በግልጥ ተናገሩ እንጂ ወዳጃቸውን አልሰደቡም። ነገሩን ስሕተት ብለው በመጥራታቸው ለንጉሡ የመመለሻ በር ተዉለት። ወንድምህ ቢበድልህ አስቀድመህ ለብቻው ንገረው የሚለው የጌታችን ትምህርት (ማቴ. 18፥15) ይህን ይመስላል።

ሁለተኛ፤ እርማቱ ስሕተቱ እስከ ደረሰበት ድረስ እንዲደርስ ፈለጉ። የባልንጀራውን ስም በገበያ ያጠፋ ሰው በጓዳ ይቅርታ ቢለምን አይበቃውም፤ በገበያ ያቅናው።

ሦስተኛ፤ ትዕግሥታቸው እውነትን መተው አልነበረም። እርማት ቢታጣ በየካቲት ወር 1885 ዓ. ም. ውሉን መተዋቸውን በግልጥ አስታወቁ። ከአድዋ ጦርነት በኋላም፥ በጥቅምት 1889 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውል የውጫሌ ውል ፈረሰ፥ የኢትዮጵያም ነጻነት ታወቀ። ነገር ግን ሌላኛው ቋንቋ ሳይመረመር ማኅተም መደረጉ ምን ያህል ደም እንዳስከፈለ አስተውል።

ይህ ነገር የነገሥታት ብቻ አይደለም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ወደ ሂርማታ ገበያ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው ልዩ ልዩ የሆነ ነጋዴዎች ይመጡ ነበር። አባ ጅፋርም ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው አገራቸውን ከጦር ጠበቁ፤ ስለዚህ የጅማ ሰው የውልን ጥቅም ከአባቶቹ ያውቃል። ዛሬም በጅማ፥ በአጋሮ፥ በሊሙና በጌራ ቡና የሚሸጠውና የሚገዛው በቃልና በወረቀት ነው። ቡናው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ገንዘብ የሚቀበል ገበሬ፥ በማያነበው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ቢያትም፥ የዓመት ድካሙን በአንዲት ቃል ሊያጣ ይችላል። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ይቀራሉ።

እንግዲህ፥ አንተ ፊደል የምታውቅ፥ ዕውቀትህ ለወንድምህ ዓይን ይሁን እንጂ ወጥመድ አይሁን። ውል ስትጽፍ ሻጩም ገዢውም በሚሰማው ቋንቋ በምስክር ፊት ጮኸህ አንብብ፤ የፈረሱላውን ቍጥርና ዋጋውን፥ የመክፈያውንም ቀን ግለጥ። ያልተረዳኸውን አትፈርም። ተበድለህ ደብዳቤ ስትጽፍ ወረቀቱን አሳድረህ በማግሥቱ አንብበው፤ ስድብ ቢገኝበት ፍቀህ በደሉን ብቻ አስቀር። ደብዳቤህ በዳኛ ፊት ወይም በልጆችህ ፊት ቢነበብ የማታፍርበት ይሁን።