ከደም ስኳር ልኬት ባሻገር፦ የስኳር ሕመም ያለባቸው የቻይና አረጋውያን የሕይወት ጥራትና የአለካኩ ችግር

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ2020 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በቻይና ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች 264 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ ይህም ከሕዝቡ 18.7 በመቶ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት ደግሞ ከ20 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ቻይናውያን 141 ሚሊዮን ያህሉ የስኳር ሕመም አለባቸው። ሕመሙ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ በመሆኑ፣ የሕክምናው ፍሬ የሚመዘነው ታካሚው በሚኖርባቸው ዓመታት ብዛትና በአኗኗሩም ጭምር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕይወት ጥራት የሚለካባቸው መጠይቆች የአረጋውያኑን ኑሮ ምን ያህል እንደሚገልጹ መመርመር ነው።

የመለኪያዎቹ ወሰን

በመስኩ በስፋት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ኢኪው-ፋይቭ-ዲ ነው። መጠይቁ መንቀሳቀስን፣ ራስን መንከባከብን፣ የዘወትር ተግባራትን፣ የሕመም ስሜትንና ጭንቀትን ይጠይቃል። ምላሾቹ ወደ አንድ ነጥብ የሚለወጡት ኅብረተሰቡ ለእያንዳንዱ የጤና ሁኔታ በሚሰጠው ግምት ነው። በ2014 ለቻይና የታተመው ስሌት ግን ከከተማ ነዋሪዎች በተሰበሰበ ምላሽ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ማሳውን በእጁ የሚያርስ የገጠር አረጋዊ የመንቀሳቀስ ችሎታውን ሲያጣ፣ የጉዳቱ ክብደት የሚሰላው በከተሜው ሚዛን ይሆናል።

ሁለተኛው ወሰን ቤተሰብን ይመለከታል። መጠይቁ ግለሰቡን ነጥሎ ይጠይቃል፤ በቻይና ባህል ግን ልጆች ወላጆቻቸውን የመጦር ግዴታ አለባቸው። ወጣቶች ለሥራ ወደ ከተማ በፈለሱባቸው መንደሮች አረጋዊው ለልጆቹ ሸክም እንዳይሆን በመስጋት ሕመሙን አቅልሎ ሊናገር ይችላል። በማዕድም ረገድ ወጡ በገበታው መካከል ቀርቦ በጋራ ይበላል፤ ሩዝ ወይም የስንዴ ምግብም የገበታው መሠረት ነው። ስለዚህ የአመጋገብ ገደብ ታካሚውን ከማኅበራዊ ሕይወቱም ሊለየው ይችላል። አምስቱ ጥያቄዎች ይህን በቀጥታ አይነኩም።

የቁጥጥሩ ዋጋ

ከ2009 ጀምሮ የቻይና መሠረታዊ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ለታወቁ የሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ታካሚዎች በዓመት ቢያንስ አራት ጊዜ ነፃ ክትትል ያደርጋል። በ2021 የተካሄደው የኢንሱሊን የጅምላ ግዥም ዋጋውን በአማካይ 48 በመቶ ቀንሷል። እነዚህ እርምጃዎች የገንዘብ ጫናን ያቃልላሉ። ሆኖም የደም ስኳርን በጥብቅ ማውረድ ለአረጋውያን አደጋ አለው። የስኳር መጠን ከልክ በላይ ሲወርድ መፍዘዝ፣ መውደቅና የአጥንት ስብራት ሊከተሉ ይችላሉ። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ዳግም እንዳይወድቅ በመፍራት ከቤት መውጣት ቢያቆም፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ ሲሻሻል ሕይወቱ ይጠብባል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነጥቦች ለቀጣይ ጥናቶች ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ የገጠርና የከተማ አረጋውያን ውጤት በአንድ ነጥብ ብቻ ሊነጻጸር አይገባም። ሁለተኛ፣ የደም ስኳር ልኬት ሲዘገብ የስኳር ማነስና የመውደቅ ታሪክ አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። ሦስተኛ፣ ታካሚው ከማን ጋር እንደሚኖርና ከማን ጋር እንደሚመገብ ሊጠየቅ ይገባል። እነዚህ ካልተሟሉ ከፍተኛ ነጥብ የተሻለ ኑሮን ሳይሆን ዝምታን ሊያመለክት ይችላል።