በውጤት የሚከፈል ውልና የሰው ባሕርይ

ቤት የሚያሠራ ሰው ጉድጓድ ቆፋሪ ሲያነጋግር በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «በቀን ነው ወይስ በቁርጥ?» የሚል ነው። በቀን የሚከፈለው ጊዜውን ይሸጣል፤ በቁርጥ የሚከፈለው ግን የተቆፈረውን ጉድጓድ ይሸጣል። በውጤት የሚከፈል ውል የሚባለውም በመሠረቱ ከዚሁ የቁርጥ ሥራ የራቀ አይደለም። ሆኖም ይህ ዓይነቱ ውል ዛሬ ከጉድጓድ አልፎ ለአስተማሪም ለሐኪምም ይጻፋል። ተማሪ ጓደኞቼ፣ ነገ ከዚህ ግቢ ስንወጣ አንዳንዳችን ውል አርቃቂ፣ አንዳንዳችንም ፈራሚ መሆናችን ስለማይቀር ጉዳዩን ከወዲሁ መመርመር ይገባናል።

የተለመደው የኤኮኖሚክስ ትምህርት በቀላሉ ሲቀርብ፣ ክፍያ ከውጤት ጋር ከታሰረ ትጋት ይጨምራል ይላል። የባሕርይ ኤኮኖሚክስ የተባለው የጥናት ክፍል ደግሞ፣ ሰው የገንዘቡን መጠን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የቀረበለትንም መንገድ ይመለከታል ይላል። ዳንኤል ካህኔማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ አንድ ነገር በማግኘት ከሚመጣው ደስታ ይልቅ ያንኑ ያህል በማጣት የሚመጣው ሐዘን ይበልጣል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲባል የሚታዘንላት ስለ ቆጡ ሳይሆን ስለ ብብቱ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህ አሳብ ወደ ውል ሲገባ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ሮላንድ ፍራየር፣ ስቲቨን ሌቪት፣ ጆን ሊስትና ሳሊ ሳዶፍ ከ2010 እስከ 2011 ባለው የትምህርት ዘመን በአሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ በምትገኘው በቺካጎ ሃይትስ ከተማ ሙከራ አደረጉ። አስተማሪዎቹ በዕጣ ተከፋፈሉ። ለአንዱ ወገን፣ የተማሪዎቹ ውጤት ታይቶ በዓመቱ መጨረሻ እስከ 8,000 ዶላር እንደሚከፈል ተነገረው። ለሌላው ወገን ግን ገና በዓመቱ መጀመሪያ 4,000 ዶላር በእጁ ተሰጠው፤ ውጤቱ ከአማካዩ ዝቅ ካለ ልዩነቱን ሊመልስ፣ ከፍ ካለ ደግሞ ሊጨመርለት ፈረመ። ለአንድ ዓይነት ውጤት ሁለቱም ወገኖች በመጨረሻ የሚደርሳቸው ገንዘብ እኩል ነበር። ሆኖም ገንዘቡን አስቀድመው የተቀበሉት አስተማሪዎች ተማሪዎች በሒሳብ ፈተና ጉልህ መሻሻል ሲያሳዩ፣ ተስፋ ብቻ በተሰጣቸው ዘንድ ይህን የመሰለ እርግጠኛ ለውጥ አልታየም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ገንዘቡን አስቀድሞ መስጠትና ሥራው ሲጓደል መንጠቅ ነውን? እንዲህ ብሎ ከመቸኮል በፊት ሦስት ነገሮችን መመዘን ያሻል።

ሀ/ የሚለካው ነገር። በ1998 እና በ1999 በምዕራብ ኬንያ በ50 ትምህርት ቤቶች፣ ተማሪዎች በፈተና ባገኙት ውጤት መሠረት ለአስተማሪዎች ሽልማት ተሰጥቶ ነበር። ፖል ግሌዊ፣ ናውማን ኢሊያስና ማይክል ክሬመር እንዳረጋገጡት፣ ሽልማት በተቆረጠለት ፈተና ውጤቱ ከፍ አለ፤ ሽልማት ባልተቆረጠለት ፈተና ግን ለውጥ አልታየም። የአስተማሪዎቹ ከሥራ መቅረት አልቀነሰም፤ የበዛው የፈተና መለማመጃ ክፍለ ጊዜ ነው። ውሉ ፈተና ገዛ፤ ዕውቀት ግን አልገዛም።

ለ/ ቅጣት ዋጋ ሲሆን። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ በእስራኤል በሐይፋ ከተማ ከሚገኙ 10 መዋዕለ ሕፃናት መካከል በ6ቱ፣ ልጁን ለመውሰድ ከ10 ደቂቃ በላይ በሚዘገይ ወላጅ ላይ የ10 ሼቄል መቀጫ ተጣለ። የሚዘገዩት ቁጥር በመቀነስ ፈንታ ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ መቀጫው ከተነሣ በኋላም አልተመለሰም። ቀድሞ ወላጁ አስተማሪዋን ያፍር ነበር፤ ከመቀጫው በኋላ ግን የከፈለ ሰው ምን ያሳፍረዋል?

ሐ/ ፍትሕ። ይህ ከሁሉ የሚከብድ ይመስለኛል። ውጤት የትጋት ልጅ ብቻ አይደለም፤ ዕድልም አለበት። ተማሪው ቢታመም፣ ዝናቡ ቢቀር፣ ሠራተኛው ምን ያደርጋል? አስቀድሞ የተቀበለውንም ገንዘብ ለቤት ኪራይና ለልጆቹ ቀለብ አውሎት ይሆናል። ያን ጊዜ «ማበረታቻ» የተባለው ስሙን ለውጦ ዕዳ ይሆናል። ማጣትን መፍራት ብርቱ ኃይል መሆኑ ተረጋግጧል፤ ብርቱ መሣሪያ ግን በድኃው ላይ ሲያርፍ ይበልጥ ይጎዳል።

ስለዚህ ውል የሚያረቅ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። የምለካው የምፈልገውን ነው ወይስ ለመቁጠር የቀለለኝን? የምጥለው መቀጫ ይሉኝታን ይተካልን? ከሠራተኛው ኃይል ውጭ የሆነውን ጉዳት ማን ይሸከማል? ሦስቱንም ከመለሰ በኋላ ወረቀቱን ወደ ፈራሚው ዞር አድርጎ በፈራሚው ዓይን አንድ ጊዜ ያንብበው። እርሱ ራሱ የማይፈርመውን ውል ለሌላው ሊያቀርብ አይገባም።